«በሁለት ወር 16 ኪሎ እንዴት ልቀንስ?» ላለው ወጣት ተዋናይ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው የ24 ዓመት ወጣት ነው፤ ባሕር ዳር ይኖራል፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ80፣ ክብደቱ 71 ኪሎ ነው። ጣና ዳርና ዘጌ ላይ በሚቀረጽ ፊልም መሪ ተዋናይ ሆኖ ተመርጧል። ገጸ ባሕርይው መጀመሪያ ባለ ቦርጭ የእህል ነጋዴ ነው፤ ኋላ ሀብቱን ትቶ ይመንናል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ አጥንቱ የወጣ ባሕታዊ ሆኖ ይታያል። ቀረጻው ሊጀመር ሁለት ወር ቀርቶታል፤ በሦስት ሳምንት ያልቃል። ዳይሬክተሩ «55 ኪሎ ግባልኝ፤ የሆሊውዱ ተዋናይ ክርስቲያን ቤል በቀን አንድ ፖምና አንድ ቆርቆሮ ዓሣ እየበላ አድርጎታል» ብሎታል። ወጣቱም «ሑዳዴን ሙሉውን ስለምጾም ረኀብ አይከብደኝም፤ ከየት ልጀምር?» ሲል ይጠይቃል።

ወንድም ዓለም፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለህ። እኔ በገጽ ቅብ (ሜካፕ) ሥራ 19 ዓመት ቆይቻለሁ፤ ግማሹ መድረክ ላይ፣ ግማሹ ፊልም ላይ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ስለ ሰውነትህ የምነግርህ ማንኛውም የጤና ባለሙያ የሚያውቀውን ነው፤ ስለ ፊትህ የምነግርህ ግን በእጄ የሠራሁትን ነው። «ከየት ልጀምር?» ላልከው መልሴ አትጀምር የሚል ነው። ሚናውን ግን አትተወው፤ ሁለቱንም ሰዎች ሆነህ መታየት ትችላለህ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። በ16 ስታባዛው 123,200 ይመጣል። ለ56 ቀን ስታካፍለው በየቀኑ 2,200 ካሎሪ ማጉደል አለብህ ማለት ነው። በአንተ ዕድሜና ቁመት ያለ፣ ከባድ የጉልበት ሥራ የማይሠራ ወጣት በቀን የሚፈጀው ከዚህ እምብዛም አይበልጥም። እንግዲህ የታዘዝከው ምግብ እንድትቀንስ ሳይሆን ሁለት ወር ሙሉ እንዳትበላ ነው። በእርግጥ ሚዛኑ ከሒሳቡ ቀድሞ ሊወርድ ይችላል፤ ነገር ግን የሚወርደው ስብ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በጡንቻና በጉበት የተጠራቀመው ስኳር ሲያልቅ የራሱን ክብደት ሦስት እጥፍ ያህል ውኃ ይዞ ይወጣል። ሰው «በሳምንት አራት ኪሎ ቀነስኩ» ብሎ የሚፎክረው በዚህ ነው። ከዚያ ጡንቻው ራሱ መበላት ይጀምራል። ልብም ጡንቻ ነው።

ረኀብ ሰውን ምን እንደሚያደርገው ተጠንቷል። በ1944 መጨረሻ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣቶች በፈቃዳቸው ለጥናት ገቡ። ለ24 ሳምንት በቀን በአማካይ 1,570 ካሎሪ ገደማ እየበሉ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። አንተ የተጠየቅኸው ከክብደትህ 22 በመቶውን በ8 ሳምንት እንድታጣ ነው። እነዚያ ወጣቶች በበጋ ይበርዳቸው ነበር። የልብ ትርታቸው ቀዘቀዘ፤ በትንሽ በትልቁ ይቆጡ ጀመር፤ ሐሳባቸውን መሰብሰብ አቃታቸው። አንዳንዶቹ የምግብ አሠራር መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ ያነቡ ነበር። ለእኔ ሙያ ደግሞ ከሁሉ የሚገርመው ይህ ነው፦ ረኀቡ ሲበረታ ቁርጭምጭሚታቸውና ፊታቸው አበጠ። ሰውነት ክፉኛ ሲራብ ውኃ ይቋጥራል። ስለዚህ ሁለት ወር ተርበህ ካሜራ ፊት ስትቀርብ ጉንጭህ ሞልቶ፣ ቃለ ተውኔቱ ጠፍቶብህ፣ ከሥራ ባልደረቦችህ ጋር ተጣልተህ ልትገኝ ትችላለህ።

የሑዳዴውን ነገር ልመልስልህ። 55 ቀን መጾምህ ያስመሰግናል እንጂ ለዚህ ልምምድ አይሆንህም። ጾም የምትበላበትን ሰዓትና የምትበላውን ዓይነት ይለውጣል፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሽሮው፣ ተልባው፣ ዳቦው ሁሉ አለ። ሑዳዴን ጾመው ወፍረው የወጡ ዘመዶች አሉኝ፤ ስማቸውን አልጠራም፣ ይህን ያነቡታል። ደግሞም ክፉው ነገር በአብዛኛው የሚመጣው ከረኀቡ በኋላ ነው። ለሳምንታት የተራበ ሰው በድንገት ጠግቦ ሲበላ በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፈረስና ፖታሲየም በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ልብ ምቱን ሊስት፣ ሰውየውም ሊሞት ይችላል። ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ሰው ተቆጣጥረው በጥቂት በጥቂቱ የሚመግቡት ለዚህ ነው። ቀረጻው ሲያልቅ እናትህ ምን ሠርታ እንደምትጠብቅህ አንተም እኔም እናውቃለን።

አንድ ነገር በዓይኔ ስላየሁ ልንገርህ። ከዓመታት በፊት እስረኛ ሆኖ የሚሠራ አንድ ልጅ ነበር። ማንም ሳያውቅ ሦስት ቀን ምግብ ተወ፤ በሦስተኛው ቀን ጉንጩ እንዲሰረጉድ ብሎ ውኃም አልጠጣም። ቀረጻው ሜዳ ላይ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ነበር። አንዱን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ተናገረው። በሦስተኛው አፉን ከፈተና ድምፅ ሳያወጣ በፊቱ ተደፋ፤ አገጩ ድንጋይ ላይ አረፈ። ደሙን የጠረግሁት የፊት ቅባት በምጠርግበት ጥጥ ነው። ተሰፍቶ ዳነ፤ ቀረጻው አራት ቀን ቆመ። ማታ የተቀረጸውን ስናየው ግን ይበልጥ ተናደድኩ። ልጁ የከሳ እስረኛ አይመስልም፤ ከንፈሩ የደረቀ፣ ዓይኑ የቀላ፣ እንቅልፍ ያጣ ተማሪ ነው የሚመስለው። እኔ ያንን ፊት በአርባ ደቂቃ አከሳው ነበር።

አሁን ወደ ክርስቲያን ቤል እንምጣ። ለ2004ቱ ፊልም «ዘ ማሽኒስት» ወደ 28 ኪሎ መቀነሱ እውነት ነው። ዳይሬክተርህ ያልነገረህ ነገር ቢኖር ያ ገጸ ባሕርይ ከሞላ ጎደል ፊልሙን ሙሉ ከሲታ መሆኑን ነው። ቤል አንድ ጊዜ ከሳ፣ ተቀረጸ፣ አበቃ። የአንተ ሰው ግን ሁለት ነው፤ ሁለት ሰው በአንድ ሥጋ የሠሩት ሰዎች ጊዜ ተሰጥቷቸዋል። ሮበርት ዴ ኒሮ ለ1980ው «ሬጂንግ ቡል» ወደ 27 ኪሎ ሲጨምር ቀረጻው ለወራት ቆሞ ጠብቆታል። ቶም ሃንክስ ለ2000ው «ካስት አዌይ» እስኪከሳና ጢሙ እስኪያድግ አንድ ዓመት ያህል ተቋርጦ ነበር፤ ዳይሬክተሩ በዚያ መሐል ሌላ ፊልም ሠርቶ ነው የተመለሰው። በ2016ቱ «ዳንጋል» አሚር ካን የወፈረውን አባት አስቀድሞ ተጫውቶ፣ ከዚያ ለወራት ክብደቱን ቀንሶ የወጣትነቱን ክፍል ተቀርጿል። የእናንተ ቀረጻ ሦስት ሳምንት ነው። ጀልባ የምትከራዩት ለተቆጠረ ቀን ነው፤ ዘጌ ስትሻገሩ የነጋዴውንም የባሕታዊውንም ትዕይንት በአንድ ጉዞ መቅረጽ ትፈልጋላችሁ። ጠዋት 55 ኪሎ፣ ከሰዓት 85 ኪሎ ልትሆን ነው? ይህን ጥያቄ እንዳለ ወስደህ ለዳይሬክተሩ አቅርብለት።

ሐቁን ለመናገር፣ እውነተኛ ክሳት የሚሰጠውን ነገር ቀለም ሙሉ በሙሉ አይተካውም። ራቁት ጀርባ፣ የጎድን አጥንት፣ የቀጠነ ጭን በብሩሽ ብቻ አይሠራም። የባሕታዊህ ልብስ ግን ከአንገት እስከ እግር ይሸፍንሃል። ተመልካቹ የሚያየው ፊት፣ አንገት፣ እጅና እግር ነው። ለእነዚህ ብለህ ሙሉ ሰውነትህን አታቃጥልም። ጋሪ ኦልድማን በ2017ቱ «ዳርከስት ሃወር» ወፍራሙን ቸርችል ሲሆን አልወፈረም፤ ካዙሂሮ ሱጂ የሚባለው ባለሙያ የሠራለትን ሰው ሠራሽ ቆዳ በየቀኑ ከሦስት ሰዓት በላይ ተቀምጦ ይለብስ ነበር። ሁለቱም በ2018 ኦስካር ወሰዱ። ገንዘብ የለንም እንዳትለኝ ደግሞ የ2013ቱን «ዳላስ ባየርስ ክለብ» ልጥቀስልህ። ማቲው ማኮናሄ ከ20 ኪሎ በላይ መቀነሱ ተወርቶ አያልቅም፤ የዚያ ፊልም የገጽ ቅብ በጀት 250 ዶላር ብቻ እንደነበረና በዚያች ገንዘብ የተሠራው ሥራ ኦስካር እንዳገኘ ግን ብዙ ሰው አያነሳም። ቤል ራሱም ለ2018ቱ «ቫይስ» ከወፈረ በኋላ ይህን ዓይነቱን ነገር እንደሚተው ተናግሯል።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ካሜራ ሚዛን የለውም፤ ብርሃንና ጥላ ነው የሚያየው። የከሳ ሰው ፊት የሚታወቅባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፦ በዓይንና በጆሮ መካከል ያለው ስፍራ ይሰረጉዳል፤ የዓይን ጉድጓድ ይጠልቃል፤ ከጉንጭ አጥንት በታች ይጎድላል፤ የአንገት ጅማት ይወጣል፤ ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ ከሚዘረጋው አጥንት በላይ ጎድጓዳ ይሆናል። ጀማሪ ሁሉ ጉንጩን ወደ ውስጥ ይስብና በተሰረጎደው ላይ ጥቁር መስመር ያሰምራል። ከሩቅ ጥላሸት የነካው ልጅ ይመስላል። አንተ ግን መስተዋት ሳታይ በጣትህ ጫፍ የጉንጭህን አጥንት ዳብስ። ጥላው ከአጥንቱ ሥር ልክ ሲጀምር ደመቅ ብሎ፣ ወደ መንጋጋ ሲወርድ እየሳሳ መጥፋት አለበት። የላይኛው ጠርዝ ይታይ፤ የታችኛው አይታይ።

ቀለሙ ላይ ተጠንቀቅ። ከውጭ የሚመጣው ትምህርት በአብዛኛው ለነጭ ቆዳ የተዘጋጀ ነው። በዚያ መሠረት ግራጫ ጥላ ስትቀባ በእኛ ቆዳ ላይ አመድ የተነሰነሰበት ያስመስላል። ጥላህ የተቆላ ቡና ይምሰል፤ ከቀይ የተቀላቀለ ጥልቅ ቡኒ፣ ዓይን ሥር ላይ ትንሽ ሐምራዊ። ከዚህ የሚበልጠው ምስጢር ደግሞ በጠይም ፊት ላይ ከጥላው ይልቅ ብርሃኑ መሥራቱ ነው። ከቆዳህ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ የሚፈካ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ቀለም በአጥንቱ ጫፍ ላይ ስታሳርፍ አጥንቱ ብድግ ይላል። የእጅህን ጀርባ አትርሳ። የጣት አንጓዎችን አፍክቶ መካከላቸውን ማጥቆር አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ባሕታዊው መቁጠሪያ ሲይዝ ሰው የሚያየው ግን እጁን ነው።

የፊት መጨማደድ ከፈለጋችሁ ፈሳሽ ላቴክስ (ሲደርቅ እንደ ጎማ የሚሆን ፈሳሽ) አለ። ቆዳውን ወጥሮ መቀባት፣ ማድረቅ፣ ዱቄት መንፋት፣ መልቀቅ ነው፤ ሲለቀቅ ይሸበሸባል። ከአንድ ቀን በፊት ክንድህ ውስጥ ጥቂት ቀብተህ ሞክረው፤ የሚያሳክካቸው ሰዎች አሉ። በባሕር ዳር ሙቀት ላብ ስለሚበዛ ከሰዓት በኋላ ከፀጉር ሥር መላቀቅ ይጀምራል፤ ቅርብ ቀረጻውን በጠዋት ጨርሱ። የእንቁላል ነጭም በችግር ጊዜ ያንኑ ይሠራል። ጣና ዳር ላይ ግን አልመክርም፤ አንድ ጊዜ ተጠቅሜው የሐይቁን ዝንብ ሁሉ ተዋናዩ ፊት ላይ ሰብስቤያለሁ። ባሕታዊውን አቧራ ለማስመሰል የምድጃ አመድ የሚቀቡም አሉ። አመድ ከላብ ጋር ሲገናኝ ቆዳ ይበላል፤ የፊት ዱቄት ከቡኒ ቀለም ጋር ቀላቅሉ። ጢም በቤት ማጣበቂያ እንዲያጣብቁልህ ደግሞ በምንም ምክንያት አትፍቀድ። ከጢሙ ጋር የአገጭ ቆዳ ሲነሣ አይቻለሁ።

ነጋዴው ቀላል ነው፤ እንዲያውም የሚያስደስተው ክፍል እሱ ነው። ቦርጩን በስፖንጅ ብቻ ከሠራኸው እንደ ትራስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከስፖንጁ በታች ሦስት ኪሎ ያህል ጤፍ በጠንካራ ጨርቅ ከረጢት አሰፍተህ ታጠቅ። ጤፍ ደቃቃ ስለሆነች ስትቀመጥ ወደ ጎን ትፈሳለች፤ ስትነሣ ትወርዳለች፤ እንደ ሥጋ ትንቀሳቀሳለች። ክብደቷ ደግሞ አረማመድህን ያለ ትምህርት ትቀይረዋለች። የእህል ነጋዴ በገዛ ጤፉ መወፈሩን ዳይሬክተሩ ባይወድልህ እኔ እወድልሃለሁ። የሸሚዙ አንገት አንድ ቁጥር ይነስ፤ ሥጋው ከላይ ሞልቶ እንዲወጣ። ለባሕታዊው በተቃራኒው ሁለት ቁጥር የሰፋ አንገትጌ አድርግ፤ በውስጡ ያለው አንገት ወዲያው ይቀጥናል። ለጉንጭ ማርሎን ብራንዶ በ1972ቱ «ጎድፋዘር» ያደረገውን እናውቃለን፦ የጥርስ ባለሙያ የሠራለት ማስገቢያ መንጋጋውን ይነፋው ነበር። ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ባለሙያ በልክህ ሊሠራልህ ይችላል። ልቅ ጥጥ አፍህ ውስጥ አታድርግ፤ ቃል ስትናገር ወደ ጉሮሮህ ይሄዳል።

ብርሃኑን የምነግረው ለካሜራ ባለሙያው ነው፤ አንተ አስታውሰው። ጣና ዳር ላይ ፀሐይ ከላይ ብቻ አይደለም የምትመጣው፤ ከውኃውም ተመልሳ ከታች ወደ ፊት ትረጫለች። ከጉንጭ አጥንት ሥር የሠራሁትን ጥላ ያ ብርሃን እንዳልነበረ ያደርገዋል። አንድ ሰዓት ተኩል የለፋሁበት ፊት ደንገሉ ዳር ሲቆም ሞልቶ፣ አሥር እርምጃ ወደ ዛፉ ሥር ሲገባ ደግሞ ከስቶ አይቻለሁ። ስለዚህ ነጋዴውን ውኃው ዳር ቅረጹት፤ ባሕታዊውን ዘጌ ቡና ጫካ ውስጥ፣ ብርሃኑ በቅጠል መካከል ከላይ ሲወርድ። ባሕታዊው የግድ ታንኳ ላይ መታየት ካለበት ማለዳ ወይም ወደ ማታ፣ ፀሐይዋ ከጎን ስትሆን ይሁን፤ ብርሃኑ ከውኃው በሚመለስበት በኩል ጥቁር ጨርቅ ያዙ።

ዘጌ ለቦታ መረጣ ስትሻገሩ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገብተህ የግድግዳውን ሥዕል ልብ ብለህ እይ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይናቸው ያዩሃል፤ ክፉዎች በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ሠዓሊው ማንንም ሳያከሳና ሳያወፍር ማን ምን እንደሆነ ከበሩ ላይ ሆነህ ትለየዋለህ። ወደ ካሜራው የምትዞርበት ማዕዘንም እንደዚያው ነው። ፊት ለፊት ስትቆም ሰፊ ትሆናለህ፤ ትንሽ ዘወር ስትል አጥንትህ ይወጣል። ባሕታዊውን ዘወር አድርገው፤ የሚጸልይበትን አንዱን ትዕይንት ብቻ ፊት ለፊት ስጠው።

የቀረው የአንተ ድርሻ ነው። ያልጠገበ ሰው ጉልበቱን ይቆጥባል። በአንድ ጊዜ አይነሣም፤ መጀመሪያ እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፣ ትንፋሽ ይወስዳል፣ ከዚያ ይቆማል። አንገቱን ሳያዞር በዓይኑ ብቻ ያያል። ቃሉ አጭር ነው። ነጋዴው ደግሞ ሳያስብ ይነሣል፣ ሲናገር እጁ ይበዛል፣ ሲቀመጥ እግሩን ይከፍታል። ይህን ልዩነት በሁለት ወር ውስጥ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ብትለማመደው እኔ የምቀባህ ቀለም ግማሹ ባይኖርም ሰው ያምንሃል። ክብደት መቀነሱን ልብህ ካልተወው፣ በመጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄደህ ተመርመር፤ ከዚያ በሳምንት ግማሽ ኪሎ፣ በጠቅላላው ከአራት ኪሎ ያልበለጠ። ከዚያ አልፈህ 55 ላይ ብትደርስ በአንተ ቁመት ክብደት ከቁመት ጋር የሚነጻጸርበት መለኪያህ (BMI) 17 ይሆናል፤ ከ18.5 በታች ያለው ሁሉ ከሚገባው በታች ተብሎ ነው የሚመዘገበው። ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ሊሰጥህ የሚሞክር ካለ ሰላም ብለኸው ሂድ።

ለዳይሬክተሩ አንድ የሙከራ ቀን ጠይቀው። ሁለቱንም ሰዎች ለብሰህ፣ ተቀብተህ፣ ውኃው ዳርና ዛፍ ሥር፣ ፊት ለፊትና በጎን ይቅረጹህ። በስልክ ካሜራም ቢሆን ይበቃል። ከዚያ አይቶ ይወስን።

የመጨረሻውና ነጻው ነገር ፀጉር ነው። ጢምህንና ፀጉርህን ከዛሬ ጀምሮ አትንካ። የሁለት ወር ጢም ከምትገዙት ሰው ሠራሽ ጢም ሁሉ ይሻላል፤ የጎደለውን እኛ እንጨምርበታለን። እንግዲህ የቀረጻውን ቅደም ተከተል የሚወስነው ጢሙ ነው፦ የተላጨ ጢም በማግስቱ አይበቅልም፤ ያደገ ጢም ግን በሩብ ሰዓት ይላጫል። ስለዚህ ባሕታዊው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይለቅ፤ ከዚያ ትላጫለህ፤ ጤፍህን ትታጠቃለህ፤ ነጋዴው ይገባል። በአንድ ጉዞ ሁለቱን መቅረጽ ግዴታ ከሆነ ባሕታዊው በጠዋት፣ ፀጉር አስተካካዩ በምሳ ሰዓት ጀልባው ላይ፣ ነጋዴው ከሰዓት።